የእማዬ ዋይፋይ፦ ከኮንዶሚኒየም የተጻፈ የሥራ ማስታወሻ

ቅዳሜ፣ ኅዳር 6

ትናንት ማታ 2 ሰዓት ተኩል ላይ እማዬ ቲቪ ላይ መዝሙር እየሰማች ነበር። መሃል ላይ መዝሙሩ ተቋረጠና ካርቱን መጣ። እየዘለለ የሚጮህ ሰማያዊ ነገር። ሪሞቱ ጠረጴዛው ላይ ነው፣ ማንም አልነካውም። እማዬ አማተበች። መዝሙሩን መለስኩላት። ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ ሰማያዊው ነገር ተመለሰ። ወዲያው ከላይኛው ፎቅ የሕፃን ለቅሶ ተሰማ። "እኛ ቲቪ ላይ አልመጣም!" ይላል።

ነገሩ ያኔ ገባኝ። ከስልክ ወደ ቲቪ ቪዲዮ የሚላከው ብዙ ጊዜ ሁለቱ አንድ ዋይፋይ ላይ ሲሆኑ ነው። ልጁ የእናቱን ስልክ ይዞ ካርቱኑን ይልካል፣ የሚያገኘው ቲቪ ግን የእኛን ነው። ማለትም የላይኞቹ እኛ ዋይፋይ ላይ ናቸው።

"ፓስወርዱን ማን ሰጣቸው?" አልኩ።

"እኔ ነኛ። ፓኬጅ አልቆባት ነበር። ምን አለበት?" አለች እማዬ።

ምን እንዳለበት ለማስረዳት ሞከርኩ። እኔ ከቤት ሆኜ ነው የምሠራው፤ የትናንሽ ድርጅቶች ሂሳብ እይዛለሁ። ላፕቶፔ ላይ የሰው ደመወዝ አለ። ማተሚያዬም እዚያው ዋይፋይ ላይ ነው። እማዬ ሰምታኝ ስታበቃ "ታዲያ ያ ሕፃን ደመወዝ ምን ያደርግለታል?" አለች።

ዛሬ ጠዋት የኢንተርኔቱን ሳጥን ከቁም ሳጥኑ ላይ አወረድኩት። ሥሩ የተለጠፈውን ወረቀት አቧራ በአውራ ጣቴ ጠረግኩ። አድራሻው 192.168.1.1፣ የመግቢያ ስሙ አድሚን፣ ፓስወርዱም አድሚን። ከተገጠመ 3 ዓመቱ ነው፣ የነካው ሰው የለም። ይህ እንግዲህ የዋይፋዩ ፓስወርድ አይደለም፣ የሳጥኑ የራሱ ሴቲንግ መግቢያ ነው። ዋይፋዩ ላይ ያለ ማንም ሰው አድራሻውን ጽፎ ገብቶ ፓስወርድ መቀየር፣ እኛንም ከገዛ ቤታችን ማስወጣት ይችል ነበር።

የተገናኙትን ዝርዝር ከፈትኩ። 14። የእኛን ቆጠርኩ፦ የእኔ ስልክ፣ ላፕቶፕ፣ ማተሚያ፣ ቲቪ፣ የእማዬ ስልክ። አምስት። ዘጠኙ እነማን ናቸው?

እሑድ፣ ኅዳር 7

ከቅዳሴ መልስ ስልኬ ላይ የዋይፋይ ሲግናል የሚለካ ነፃ አፕ ጭኜ ሕንፃውን ዞርኩት። ቤታችን ጀሞ ነው፣ የተለመደው ጂ ፕላስ 4 ኮንዶሚኒየም፣ እኛ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነን። ሳሎን ቁጭ ብዬ ብቻ 31 ዋይፋይ አየሁ። ስማቸው ራሱ አንድ ታሪክ ነው። ግማሹ የቤት ቁጥሩን ጽፎታል። አንዱ "አትልፉ" ብሎታል። የእኛ የብሎካችንና የቤታችን ቁጥር ነው። "ኑ፣ በሩ ይኸውላችሁ" እንደማለት።

የእኛን ሲግናል ተከትዬ ወረድኩ። ደረጃው ላይ ሙሉ ነው፤ ደረጃው ክፍት ስለሆነ የሚያግደው ግድግዳ የለም። ምድር ቤት ሱቁ ጋ ሦስት መስመር። ግቢው በር ላይ፣ የጥበቃው ቆርቆሮ ቤት ጋ፣ ሁለት መስመር። ጥበቃው ጆሮ ማዳመጫ አድርገው ኳስ እያዩ ነበር። ሰላም ብዬ አለፍኩ።

ሱቁ ጋ ስመለስ እንቁላል ገዛሁ። ባለሱቁ በዱቤ ሊይዝልኝ ደብተሩን ሲገልጥ የመጨረሻው ገጽ ተገለጠ። ከላይ የዘይትና የሳሙና ዕዳ፣ ከሥሩ በወፍራም እስክሪብቶ የእማዬ ስልክ ቁጥር። ሁለት ጊዜ ተሰምሮበታል። "የእናቴን ስልክ ምን ያደርግልሃል?" አልኩት።

"ስልክ አይደለም እህቴ፣ ዋይፋይ ነው" አለኝ፣ ምንም ሳይደብቅ። "ደንበኛ ሲጠይቀኝ ነው የማሳየው።"

አዎ፣ ፓስወርዳችን የእማዬ ስልክ ቁጥር ነበር። እንዳትረሳው ብዬ ያደረግኩት እኔው ነኝ። ስለዚህ እማዬን ብቻ መውቀስ አልችልም።

ማታ ቡና ተፈልቶ የሰጠቻቸውን ሰዎች እንድትነግረኝ ለመንኳት። ፖስታ ጀርባ ላይ ጻፍኩ። የሕፃኑ እናት። አራተኛ ፎቅ ያለው የ12ኛ ክፍል ተማሪ። ባለሱቁ። የባለሱቁ ወንድም። ጥበቃው ("ሌሊቱን ሙሉ ብርድ ላይ ቁጭ ብለው ምን ያድርጉ?")። ቧንቧ የጠገነው ልጅ። ቧንቧ የጠገነው ልጅ! ከመጣ ዓመት አልፎታል።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9

ዛሬ ምንም አልቀየርኩም። ሂሳብ ብቻ ሠራሁ፤ ሙያዬ ነው።

ስልክ ዋይፋይ ላይ ሲገባ ከራውተሩ፣ ማለትም ዋይፋዩን ከሚያሰራጨው ሳጥን ጋር ሰላምታ ይለዋወጣል። ሰላምታው ፓስወርዱን ራሱን አያወጣም፣ ከፓስወርዱ የተሰላ ነገር ግን አየር ላይ ይወጣል። ደረጃ ላይ ላፕቶፕ ይዞ የቆመ ሰው ሊቀዳው ይችላል። ከዚያ ቤቱ ገብቶ ሶፋው ላይ ሆኖ ይገምታል። "ሦስት ጊዜ ተሳስተሃል፣ ቆይ" የሚለው የለም። የእኛ ራውተር እየተገመተበት መሆኑን እንኳ አያውቅም።

የስልክ ቁጥር በ09 ይጀምራል ብንል የሚቀረው 8 አኃዝ ነው። 100 ሚሊዮን አማራጭ። ብዙ ይመስላል። ግን ጥሩ የጌም ግራፊክስ ካርድ በሰከንድ በመቶ ሺዎች ይሞክራል። 200 ሺህ ብቻ ብንል ሁሉንም በ500 ሰከንድ ይጨርሳል። 10 ደቂቃ እንኳ አይሞላም። ጀበናው ሳይፈላ ገባ ማለት ነው። በየሕንፃው ስንት ሰው ስልክ ቁጥሩን ፓስወርድ እንዳደረገ ሳስበው ደነገጥኩ።

በነገራችን ላይ ይህን በጎረቤት ዋይፋይ ላይ የምሞክረው ነገር አይደለም። የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያለፈቃድ የሰው ሲስተም ውስጥ መግባትን ወንጀል አድርጎታል። በራሴም ላይ በወረቀት ነው የሠራሁት፣ በቂ ነበር።

ታዲያ ምን ዓይነት ፓስወርድ? ከ8 እስከ 63 ፊደል ይፈቅዳል፣ ግን የላቲን ፊደል፣ ቁጥርና ምልክት ብቻ። ለእኔ በጣም የሚመቸኝ ተራ የአማርኛ ቃላትን በላቲን መጻፍ ነው። ቃላቱን ግን ራሴ ከመረጥኩ ግጥም ይሆንብኛል፤ ግጥም ደግሞ ይገመታል። ስለዚህ መዝገበ ቃላት አውጥቼ ዓይኔን ጨፍኜ ገጽ ገለጥኩ፣ ጣቴን አሳረፍኩ፣ የነካሁትን ያዝኩ። አምስት ጊዜ። 2 ሺህ ቃል ካለው ዝርዝር በዕጣ አምስት ቢወጣ ያ ካርድ ሁሉንም ለመሞከር ከ5 ሺህ ዓመት በላይ ይፈልጋል።

ችግሩ ሌላ ቦታ መጣ። ከወጡልኝ ቃላት አንዱ ውስጥ "ጠ" አለ። እኔ በአንድ "ቲ" እጽፋለሁ፣ እማዬ በሁለት። ሌላው ውስጥ ሳድስ አለ፤ እኔ ያለ አናባቢ፣ እሷ "አይ" ጨምራ። ለአንድ ፓስወርድ አራት አጻጻፍ ተገኘ። እማዬ "ምን ዓይነት ፓስወርድ ነው ደግሞ፣ እያከራከረ!" አለች። ልክ ናት። ደንብ አወጣሁ፦ ጠ፣ ጨ፣ ጸ፣ ቀ፣ ኘ ያለበት ወይም ሳድስ ያለበት ቃል ከወጣ ይጣላል፣ እንደገና ዕጣ። እንደ ሎሚ፣ ዶሮ፣ ጀበና ያለ ለሁሉም እኩል የሚጻፍ ቃል ብቻ ይቀራል። (እነዚህ ሦስቱ የእኛ አይደሉም። ማንም አይሞክር።)

ረቡዕ፣ ኅዳር 10

የአክስቴ ልጅ ከአሜሪካ ያመጣልኝን ራውተር ከካርቶኑ አወጣሁ። ከመሰካቴ በፊት የቻርጀሩን ጽሑፍ አነበብኩ፤ 100–240 ይላል። 120 ብቻ ቢል የእኛ 220 ጭስ አድርጎት ነበር።

በገመድ ከድሮው ሳጥን ጋር አገናኘሁት። ሁለቱም "192.168.1.1 እኔ ነኝ" ብለው ተጣሉ። ግማሽ ሰዓት ፈጀብኝ። የአዲሱን ወደ 192.168.50.1 ቀይሬ አስታረቅኳቸው።

ከዚያ መዝጋት ጀመርኩ። የሴቲንጉን መግቢያ ፓስወርድ ቀየርኩ፣ ከዋይፋዩ የተለየ። ሶፍትዌሩን አደስኩ። በፈረንጆች 2017 ዋይፋይ የሚቆለፍበት ደብሊውፒኤ 2 የሚባለው አሠራር ራሱ ላይ ቀዳዳ ተገኝቶ ነበር፤ የተደፈነው በእንዲህ ዓይነት እድሳት ነው፣ ስለዚህ አይታለፍም። ከውጭ በኢንተርኔት ሴቲንጉ ውስጥ የሚያስገባውን አጠፋሁ። ስሙን ከቤት ቁጥር ወደ አንድ ትርጉም የለሽ ቃል ለወጥኩ።

ደብሊውፒኤስ የምትለዋን ቁልፍ ብዙ ሰው አያውቃትም፣ እኔ ግን ለብቻዋ ላነሳት እፈልጋለሁ። ፓስወርድ ሳትጽፍ በ8 አኃዝ ፒን እንድትገባ የተሠራች ናት። 8 አኃዝ 100 ሚሊዮን ይመስላል፣ አይደለም። ራውተሩ ፒኑን ለሁለት ከፍሎ ያየዋል። የመጀመሪያዎቹ 4 ትክክል ከሆኑ ይናገራል። ቀጥሎ ያሉት 4 ውስጥ ደግሞ የመጨረሻው ከሌሎቹ የሚሰላ ነው፤ ስለዚህ የሚገመተው 3 ብቻ ነው። 10,000 ሲደመር 1,000፤ 11,000 ሙከራ። ይህ በፈረንጆች 2011 ይፋ ወጥቷል፤ የእኛ የድሮ ሳጥን ላይ ግን እስከ ዛሬ በርቶ ነበር። አምስት ቃል መርጠህ፣ ከእናትህ ጋር ስለ "ጠ" ተከራክረህ፣ ደብሊውፒኤስን ሳታጠፋ ብትተኛ ልፋትህ ከንቱ ነው። አጠፋሁ።

አዲሱ ራውተር ቀጣዩ አሠራር፣ ደብሊውፒኤ 3 አለው። እሱ ጥሩ ነው፤ ሰላምታውን ቀድቶ ቤት ወስዶ መገመት አይቻልም። ግን ማተሚያዬ አሮጌ ነው፣ እምቢ አለ። ሁለቱን የሚያቀላቅለውን አማራጭ ወሰድኩ። ደብሊውፒኤ 2 እስካለ ድረስ የፓስወርዱ ርዝመት አሁንም ዋጋ አለው።

ስሙን መደበቅም አማረኝ፣ ተውኩት። ስሙ ባይታይ እንኳ ስልኮቻችን በሄዱበት "እገሌ አለህ?" እያሉ ይጠሩታል። የተፈቀዱ ስልኮችን በማክ አድራሻ፣ ማለትም እያንዳንዱ ስልክ ዋይፋይ ላይ በሚለይበት ቁጥር መምረጥም እንደዚያው ነው። አድራሻው አየር ላይ ግልጽ ይታያል፣ ማንም ይኮርጀዋል። የአሁን ስልኮች ደግሞ ለእያንዳንዱ ዋይፋይ የተለያየ አድራሻ ይፈጥራሉ። አንድሮይድ ከ10 ጀምሮ፣ አይፎን ከ14ኛው ሶፍትዌር ጀምሮ። ልፋቱ ለባለቤቱ፣ ለሌባው ግን ምንም።

ዓርብ፣ ኅዳር 12

ኅዳር ሲታጠን። ግቢው ሁሉ በጭስ ታፍኗል፣ መስኮት ዘግተን ተቀምጠናል። አዲሱ ዋይፋይ ላይ ያለነው እኛው ብቻ ነን። ደስ ብሎኛል። ሱቅ ወረድኩ።

"እህቴ፣ ዋይፋያችሁ ሰሞኑን ፈጥኗል" አለኝ ባለሱቁ።

ፈጥኗል? ተመልሼ በሩጫ ወጣሁ። የድሮው ሳጥን የራሱን ዋይፋይ ማሰራጨቱን አላቆመም! በድሮው ስም፣ በእማዬ ስልክ ቁጥር። እኛ ወደ አዲሱ ስንዛወር መስመሩ ለጎረቤት ሰፋለት። የፊቱን በር በሦስት ቁልፍ ቆልፌ የጓሮውን ገርበብ አድርጌ ትቻለሁ። ሳጥኑ ውስጥ ገብቼ ዋይፋዩን አጠፋሁ፣ አድሚን የሚለውንም ቀየርኩ።

አንድ ሰዓት ሳይሞላ በር ተንኳኳ። የአራተኛ ፎቁ ተማሪ ነው፣ ደብተሩን ይዟል። "እማማ አሉ? ዋይፋዩ... ማለቴ፣ ደህና ናችሁ?" አለ። እማዬ አየችኝ። የምታየኝ አስተያየት ውሃ ጠይቆ እንደተከለከለ ሰው ነበር።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 13

ሌሊት አሰብኩበት። እማዬ ይህን ሕንፃ የያዘችው በቡናና በፓስወርድ ነው። ሲያማት መጀመሪያ የሚደርሱት እነዚህ ሰዎች ናቸው፣ እኔ ደንበኛ ጋ ስሄድ ማለቴ ነው። ሙሉ በሙሉ መዝጋት ከባድ ነው፤ እውነቱን ለመናገር ተማሪው ፊት ቆሜ አልቻልኩም።

ስለዚህ የእንግዳ ዋይፋይ ከፈትኩ። አዲሱ ራውተር ይህን ይችላል፤ አንድ መስመር፣ ሁለት ስም። እንግዳው ላይ የገባ ስልክ ኢንተርኔት ያገኛል፣ ቲቪያችንን፣ ማተሚያውን፣ ላፕቶፔን ግን አያይም። እንግዶቹም እርስ በርስ አይተያዩም። ፍጥነቱን ከመስመራችን ሩብ ላይ ገደብኩት። ሌሊት 6 ሰዓት ይጠፋል፣ ንጋት 12 ይበራል። (ለጥበቃው አዘንኩ። እማዬም አዘነች። በማግስቱ 9 ሰዓት አደረግኩት።)

እማዬን ያሳመናት ደመወዙም ግራፊክስ ካርዱም አይደለም። "መስመሩ በማን ስም ነው?" አልኳት። "በእኔ።" "ቧንቧ የጠገነው ልጅ በዚህ መስመር ሰው ቢያጭበረብር መጀመሪያ የሚጠየቀው ማነው?" ዝም አለች። ስኒዋን አስቀመጠች። "እሱንስ አጥፊው" አለች።

ደንቡ እንዲህ ሆነ፦ የእንግዳው ፓስወርድ በየወሩ መጀመሪያ ይቀየራል። ኪውአር ኮድ አትሜ ፍሪጁ ላይ ለጠፍኩ። የፈለገ ቤት ገብቶ፣ ቡና ጠጥቶ፣ ስልኩን ያስጠጋል። ደብተር ላይ የሚጻፍ ነገር የለም። ባለሱቁ ትንሽ ቅር አለው፣ "ደንበኞቼስ?" አለ። "የራስህን አስገባ" አልኩት። ለሕፃኑ እናት ደግሞ "ይቅርታ፣ ካርቱኑ ከእንግዲህ እኛ ጋ አይመጣም" ስላት ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። ከሳምንት በፊት የሆነውን አታውቅም ነበር።

ሰኞ፣ ኅዳር 15

ጾሙ ገባ፣ መብራት ሄደ። ማታ 1 ሰዓት ላይ ሲመጣ ከልማድ አፑን ከፈትኩ። የድሮው ዋይፋይ ተመልሷል! በዚያው ስም፣ በዚያው ስልክ ቁጥር። ሳጥኑ ከሙታን የተነሳ መሰለኝ።

የእኔ ጥፋት ነው። ሳጥኑ ሁለት ቁልፍ አለው። "አፕላይ" ለውጡን ያስጀምረዋል፣ "ሴቭ" የሚለው ደግሞ ሌላ ገጽ ላይ ተደብቆ ለዘለቄታው ይይዘዋል። ሁለተኛውን አልተጫንኩም። መብራት ሲሄድ የቀየርኩትን ሁሉ ረሳ። አድሚንም ወደ አድሚን ተመልሷል። አሁን ሴቭ አደረግኩ፣ ከዚያ ገመዱን ራሴ ነቅዬ ሰካሁ። ጠፍቶ ቀረ። መብራት በሚመላለስበት ቤት ይህን ነቅሎ መሰካት የሥራው ማብቂያ አድርጌዋለሁ፤ ሳይነቀል የተፈተነ ሴቲንግን አላምንም።

ዓርብ፣ ኅዳር 19

ከመቆለፍ ጋር ባይያያዝም ያው እዚያው ላይ ስለነበርኩ ቻናሉንም፣ ማለትም ዋይፋዩ የሚሰራጭበትን የአየር መስመር አስተካከልኩ። ዋይፋይ በሁለት ሞገድ ይሄዳል፣ በ2.4 እና በ5 ጊጋኸርዝ። በ2.4 ጊጋኸርዝ ላይ የማይደራረቡት ቻናሎች 1፣ 6 እና 11 ናቸው። ከ31ዱ ዋይፋይ አብዛኛው 6 እና 11 ላይ ተጨናንቋል። ወደ 1 ሄድኩ፣ ስፋቱንም 20 ሜጋኸርዝ ላይ አቆምኩ። ላፕቶፔንና ቲቪውን ወደ 5 ጊጋኸርዝ አዛወርኩ። 5 ጊጋኸርዝ ብሎኬት ሲያይ ይደክማል፤ ሰው ይህን እንደ ጉድለት ያወራዋል፣ ለእኔ ግን ተመችቶኛል። ሳሎኔ ይበቃዋል፣ ደረጃው ላይ ምን አለው?

ራውተሩንም ከደረጃው በኩል ካለው ግድግዳ አንስቼ ወደ ቤቱ መሃል አመጣሁት፣ የሲግናሉን ኃይልም ወደ መካከለኛ አወረድኩ። ሱቁ ጋ ከሦስት ወደ አንድ መስመር ወረደ። በሩ ጋ አልፎ አልፎ ይቆረጣል። ጥበቃው ወንበራቸውን አምስት እርምጃ ወደ ሕንፃው አስጠግተዋል።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 27

ሳምንቱን ሙሉ እማዬ አንድ ነገር ስታማርር ነበር። "መዝሙሬ ከስልኬ ወደ ቲቪው አልሄድ አለኝ። ያ መቆላለፍሽ ነው ያበላሸው" ትላለች። እኔም "ስልክሽን አጥፍተሽ አብሪው" እያልኩ አልፋለሁ። ሥራ በዝቶብኛል።

ዛሬ የእንግዳውን ዝርዝር ከፈትኩ። አራት ስልክ። ተማሪው፣ የሕፃኑ እናት፣ ጥበቃው። አራተኛው የማላውቀው ነው። ስም የለውም፣ አድራሻው ከዚህ በፊት ካየኋቸው ከአንዱም ጋር አይገጥምም። ከጠዋት እስከ ማታ አለ፣ ሲግናሉም ሙሉ ነው። ሙሉ! ማለት ቅርብ ነው። ጎን ያለው ቤት ይሆን? ባለሱቁ ኮዱን ፎቶ አንስቶ ለሰው ሰጥቶ ይሆን? ደረጃው ላይ ወጥቼ ወረድኩ፣ ሲግናሉ አልተንቀሳቀሰም። በመጨረሻ አድራሻውን አገድኩና ማን እንደሚጮህ ጠበቅኩ።

ከወጥ ቤት እማዬ ጮኸች። "ዩቲዩቤ ቆመ!"

ስልኳን ተቀበልኳት። የቤቱ ዋይፋይ ላይ የለችም። ፍሪጁ ላይ የለጠፍኩትን ኮድ "ሁሉም ሲያደርግ አይቼ" ብላ ስልኳን አስጠግታለች። ለአዲሱ ስም ስልኳ አዲስ አድራሻ ፈጠረ፣ እንግዳ ሆነች። ቲቪው የማይታያትም ለዚሁ ነው፣ እንዳያሳያት ያደረግኩት እኔው ነኝ።

"እኔ በገዛ ቤቴ እንግዳ ነኝ?" አለች። አምስቱን ቃል ስልኳ ላይ ጻፍኩላት፣ አንድም "ጠ" የለበትም። መዝሙሩ ቲቪው ላይ መጣ።